የመለኪያው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ሳለ የመኪናው ሬዲዮ ርቀት አጠረ፤ በአንቴና ጥገና ላይ ምክር እፈልጋለሁ

የስምሪት_ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ድርጅት የ11 አምቡላንሶችን የሬዲዮ ግንኙነት የምከታተለው እኔ ነኝ። በሁሉም ላይ የተገጠመው 25 ዋት የሚያስተላልፍ የቪ ኤች ኤፍ ሬዲዮ ሲሆን፣ አንቴናው ደግሞ ጣሪያው መሃል ላይ ተበስቶ የተተከለ፣ የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። የምንሠራበት ሞገድ 155 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ዘንጉ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

በአሥሩ መኪኖች ላይ ቅሬታ የለኝም። አንዷ ግን ከ3 ወር ወዲህ፣ ቀድሞ ያለ ችግር ከምትሰማበት ቦታ ሆና ስትጠራ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ይደርሰናል፤ ትንሽ ራቅ ካለች ደግሞ ጭራሽ አትሰማም። ሹፌሩም የእኛን ጥሪ የሚሰማው ከሹክሹክታ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ነግሮኛል። ሕመምተኛ ጭኖ መንገድ ላይ ያለ ሰው የተቀባዩን ጤና ተቋም ዝግጁነት መጠየቅ ሳይችል ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እስካሁን ያደረግሁት ይህን ነው። ሬዲዮውን አውጥቼ ደህና ከሆነ ሌላ መኪና ሬዲዮ ጋር አቀያየርኩ፤ ችግሩ ከመኪናዋ ጋር ቀረ፣ ሬዲዮው ሌላው መኪና ላይ በደንብ ሠራ። ቀጥሎ የቆመ ሞገድ ምጥጥን፣ በተለምዶ ኤስ ደብሊው አር የምንለውን፣ ከሬዲዮው ጀርባ ለካሁ፤ 1.2 አነበበ። ይህ ከሌሎቹ መኪኖች ሁሉ የተሻለ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሬዲዮው ጤነኛ ከሆነ፣ አንቴናውም በመለኪያው ምስክርነት ጤነኛ ከሆነ፣ የጠፋው ኃይል የት ገባ? የምታውቁ ብትረዱኝ።

ጥገና_ቤት፦

ጤና ይስጥልኝ። ሬዲዮውን በማቀያየር መጀመርዎ ትክክለኛ አካሄድ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ አዲስ ሬዲዮ ይገዛል። አሁን ጥርጣሬዎን ማሳረፍ ያለብዎት በ1.2 ላይ ነው። መለኪያው አልዋሸም፤ እርስዎ ግን ያልነገረዎትን ነገር እንደነገረዎት አድርገው ወስደውታል።

መለኪያው የሚያነበው ከሬዲዮው የወጣውን ኃይልና ወደ ሬዲዮው ተመልሶ የመጣውን ኃይል አነጻጽሮ ነው። ምጥጥኑ 1.5 ሲሆን ከወጣው ውስጥ 4 ከመቶ ተመልሷል ማለት ነው፤ 2 ሲሆን 11 ከመቶ፣ 3 ሲሆን 25 ከመቶ። ነገር ግን ኃይሉ ሳይመለስ የቀረው አንቴናው ወደ አየር ስለለቀቀው ይሁን ወይም ኬብሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ስለጠፋ፣ መለኪያው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ለእሱ ሁለቱም "አልተመለሰም" ናቸው። ኬብሉ የተበላሸ ከሆነ ኃይሉ ሲሄድ አንዴ ይበላል፣ ከአንቴናው ተገፍቶ ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ ይበላል፤ በዚህ ምክንያት ሬዲዮው ጀርባ የሚደርሰው ተመላሽ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ቁጥሩ ያማረ ይመስላል። ኬብሉ በአንድ አቅጣጫ 10 ዴሲቤል (ዴሲቤል የኃይል ብክነት የሚለካበት አሃድ ነው) የሚያባክን ቢሆን፣ አንቴናው ተነቅሎ ቢወድቅ እንኳ መለኪያዎ 1.2 አካባቢ ማንበቡን ይቀጥላል። ከ25 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው ያን ጊዜ 2.5 ዋት ብቻ ነው፤ ከአየር የሚመጣው ደካማ ድምፅም በዚያው ልክ ተበልቶ ነው ሬዲዮው የሚያገኘው። ሹፌሩ "ሹክሹክታ" ያለው ይህን ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህን ሙከራ ያድርጉልኝ። የአንቴናውን ዘንግ ከመቀመጫው ፈትተው ያውጡት። ከዚያ ሬዲዮውን በዝቅተኛው ኃይል አድርገው፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ከ2 ወይም ከ3 ሴኮንድ በላይ ሳይጫኑ ምጥጥኑን ያንብቡ። የአንቴና መመርመሪያ መሣሪያ ካለዎት ሬዲዮውን ጨርሶ ባይጠቀሙበት ይመረጣል፤ ያለ አንቴና ማስተላለፍ የሬዲዮውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል፣ ዘመናዊዎቹ ራሳቸውን የሚከላከሉበት ዘዴ ቢኖራቸውም በእሱ መመካት ጥሩ አይደለም። 5 ሜትር የሚሆን ጤነኛ አር ጂ 58 የሚባል የአንቴና ኬብል በዚህ ሞገድ የሚያባክነው 1 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ፣ ዘንጉ በሌለበት ምጥጥኑ ወደ 8 እና ከዚያ በላይ መዝለል አለበት። ባዶውን ከ2 በታች ካነበበልዎት ጥፋተኛውን አገኙት ማለት ነው።

የረጅም_ጉዞ_ሹፌር፦

የሙያው ባለቤቶች ስለ ኬብሉ ይናገሩ፤ እኔ 19 ዓመት ከሬዲዮ ጋር የተጓዝኩ ሹፌር እንደመሆኔ ከጋቢና ሆኖ የሚታወቀውን ልጨምር።

አንቴና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ኮረኮንች ላይ ብቻ የሚሰማ ክርክርታ ይመጣል፣ መኪናው ሲቆም ይጠፋል። ይህ ድምፅ የላላ ነገር መኖሩን ይነግረኛል፤ ወይ ዘንጉን የሚይዘው ትንሽዬ ብሎን ለቋል፣ ወይ መቀመጫው ከጣሪያው ላይ ተነቃንቋል፣ ወይም ደግሞ ከሥሩ ጥምጥም ስፕሪንግ ያለው አንቴና ከሆነ በስፕሪንጉ ውስጥ የሚያልፈው ጉንጉን ሽቦ ተበጥሶ አንዴ ይነካል አንዴ ይለቃል። ስፕሪንጉ ከውጭ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት የጎማ ንፋስና ዘይት ሳይ እጄን ዘርግቼ የአንቴናውን ሥር ይዤ እወዘውዘዋለሁ፤ ዘንጉ መወዛወዝ አለበት፣ ሥሩ ግን ሊንቀሳቀስ አይገባም።

ለጠያቂው ወንድማችን የምጠይቀው፣ ያቺ መኪና ከ3 ወር በፊት ምን አጋጠማት? ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ መታት? ዝቅተኛ መግቢያ ያለው መጋዘን ገባች? ዘንጉ ሳይፈታ በማሽን መኪና ማጠቢያ ውስጥ አለፈች? ቅርንጫፍ ዘንጉን ሲያጎብጠው ጉልበቱን የሚቀበለው ሥሩ ያለው ጎማ ነው፤ ዘንጉ ተመልሶ ቀጥ ቢልም ጎማው እንደ ቀድሞው አይገጥምም።

ሞገድ_ተማሪ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። ርቀቱ ካጠረ ኃይሉን ይበልጥ የሚያጎላ ረዘም ያለ አንቴና፣ ለምሳሌ የሞገዱን አምስት ስምንተኛ የሚያህለውን፣ መግጠም ችግሩን አይፈታውም? አስተማሪያችን ከአንድ አራተኛው የተሻለ ትርፍ እንዳለው ነግሮናል። ደግሞስ ጣሪያ መብሳት ሳያስፈልግ በማግኔት የሚለጠፈው ለምን አይሆንም?

ጥገና_ቤት፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚያፈስ ባልዲን በትልቅ ቧንቧ ለመሙላት እንደመሞከር እንዳይሆን ያስፈልጋል። ኬብሉ ብዙ እያባከነ ረጅም አንቴና መግጠም ብክነቱን አይቀንሰውም። ረጅሙ አንቴና ትርፍ የሚያገኘው ኃይሉን ከሰማይ ቀንሶ ወደ አድማሱ በመጭመቅ ነው፤ ለሜዳማ አገር ጥሩ ሲሆን፣ መቀበያው ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ መኪናው ከሥሩ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ አራተኛው የተሻለ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ቅርንጫፉም ንፋሱም ይበረታበታል። ለአምቡላንስ እኔ አጭሩን እመርጣለሁ።

ስለ ማግኔቱ፦ ለጊዜያዊ ሥራ በደንብ ያገለግላል፤ በቪ ኤች ኤፍ ሞገድ ቀለሙን ሳይቦርሹ እንኳ ከጣሪያው ብረት ጋር በበቂ ሁኔታ ይገናኛል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ከሥሩ የገባ አሸዋ ቀለሙን ይፈጫል፣ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ጣሪያ ላይ አይያዝም፣ ከሁሉ የሚከፋው ግን ኬብሉ የሚገባው በበር በኩል መሆኑ ነው። በር በተዘጋ ቁጥር ኬብሉ ይጨፈለቃል። ኬብል የተሠራው በውስጡ ያለው ሽቦና ዙሪያውን የከበበው ጉንጉን ሽቦ ሁልጊዜ በእኩል ርቀት እንዲቆዩ ተደርጎ ነው፤ 50 ኦም የሚባለው ጠባዩ የሚመጣውም ከዚያ ርቀት ነው፤ ሲጨፈለቅ ያ ጠባይ ይዛባል፣ ውሎ አድሮም ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። በሹል ማዕዘን ማጠፍም እንዲሁ ያበላሸዋል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኬብል ከ5 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ አለማጠፍ ጥሩ ልማድ ነው።

የስምሪት_ክፍል፦

በሁለት ቀን ውስጥ ሙከራውን አደረግሁ። ዘንጉን ፈትቼ በዝቅተኛ ኃይል ስለካ ምጥጥኑ 1.7 ብቻ አነበበ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ፤ አንቴና የሌለው መኪና "አንቴናዬ ደህና ነው" እያለኝ ነበር። ወዲያው ደህና ከሆነች መኪና ላይ ተመሳሳዩን ሳደርግ መርፌው እስከ ጥግ ሄደ።

ከዚያ የጣሪያውን የውስጥ ልባስ አወረድኩና ኬብሉን ከመቀመጫው ላይ ለቅቄ፣ በጫፉ ላይ በአንቴናው ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል 50 ኦም የሆነ ሰው ሠራሽ ጭነትና የዋት መለኪያ አሰርኩበት። ከሬዲዮው 25 ዋት ሲወጣ ከኬብሉ ጫፍ የደረሰው 6 ዋት ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ቀርቷል።

ኬብሉን አውጥቼ ከመቀመጫው 20 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብዬ ጥቁሩን የውጭ ልባስ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ጉንጉኑ የመዳብ ቀለሙን አጥቶ ከስሏል፤ በጣቴ ሳሸው ጥላሸት የመሰለ ነገር ረገፈ፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ዱቄት አለበት። ይህ እስከ የት እንደሚሄድ ለማየት ወደ ታች እየሰነጠቅሁ ሄድኩ፤ ቢያንስ 2 ሜትር ድረስ ጥቁር ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው የጎማ ቀለበትም በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። የረጅም ጉዞ ሹፌሩ እንደጠየቁኝ ሹፌሩን ጠየቅሁት፤ ከክረምቱ በፊት ቅርንጫፍ ዘንጉን መቶት እንደነበር፣ ዘንጉ ግን ስላልተሰበረ ሪፖርት ሳያደርግ እንዳለፈው ነገረኝ። አልተቆጣሁትም፤ ሪፖርት አድርግ ብዬው አላውቅምና።

ውሃ ወደ ላይም ወደ ጎንም በዚህ ያህል ርቀት መሄድ መቻሉ ነው ያስገረመኝ።

ጥገና_ቤት፦

የሄደው ጉንጉኑ እንደ ጋዝ ፋኖስ ክር ስለሚስበው ነው። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ውሃን በራሱ ይመጠዋል፣ ከዚያ ልባሱ እንዳይደርቅ አፍኖ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ጫፉን ብቻ ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር መግጠም የማይጠቅመው፤ ጥቁር ጉንጉን ያየንበትን ኬብል ሙሉ በሙሉ እንጥለዋለን። በቴስተር ቢለኩትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ ኦም ሊያነብልዎት ይችላል፤ ቴስተሩ የሚያየው ቀጥተኛ ጅረትን ብቻ ሲሆን የ155 ሜጋኸርዝ ጅረት ግን የሚፈሰው በሽቦው ገጽታ ላይ ነው፣ ገጽታው ደግሞ የዛገው ክፍል ነው።

አዲሱን ሲገጥሙ እነዚህን ነገሮች አደራ እላለሁ። የኮኔክተሩን ሶልደር በደንብ በሞቀ ብረት በፍጥነት ይሥሩት፤ በቀዘቀዘ ብረት ለረጅም ጊዜ ሲያሹት ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ይቀልጥና የመሃሉ ሽቦ ወደ ጎን ይሸሻል። ከጉንጉኑ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር እንኳ ወደ መሃሉ ሽቦ እንዳትጠጋ በብርሃን ይመልከቱ። ከመኪናው ውጭ ያለ መገጣጠሚያ ካለ ራሱን ከራሱ ጋር በሚያዋህደው የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉት፤ ተራው ናስትሮ በፀሐይ ሙጫው ቀልጦ ይለቃል። ሲጠቀልሉ ቴፑን ወጠር አድርገው፣ ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ይሂድ፤ የሳር ቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚከደን ማለት ነው፣ ውሃው በላዩ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ኬብሉ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ሸርተት ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲነሣ ያድርጉ፤ ውሃው ከታጠፈው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ያለውን ሲሊኮን በምንም ምክንያት ኮኔክተር ላይ አያድርጉ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ሁለት ኬብሎችን አበላሽቻለሁ።

የስምሪት_ክፍል፦

እንዳሉኝ አዲስ ኬብል፣ አዲስ የጎማ ቀለበትና አዲስ ኮኔክተር ገጠምኩ። ዘንጉ በሌለበት ስለካው መርፌው እስከ ጥግ ሄደ፣ በጣም ደስ አለኝ። ዘንጉን መልሼ ስለካ ግን ምጥጥኑ 1.7 ሆነ። ከመጠገኔ በፊት 1.2 የነበረው አሁን 1.7! የሚሰማው ድምፅ በግልጽ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከሌሎቹ መኪኖች የከፋ ነው። ምን አጠፋሁ?

ጥገና_ቤት፦

ምንም አላጠፉም። አሮጌው ኬብል ደብቆት የነበረውን የአንቴናውን እውነተኛ ሁኔታ አሁን እያዩ ነው። ቁጥሮቹን ወደ ኋላ ቢያሰሉ ይገጥማሉ፦ የአንቴናው የራሱ ምጥጥን 2 ያህል ቢሆን፣ 1 ዴሲቤል በሚያባክን ጤነኛ ኬብል በኩል ሲታይ 1.7፣ 6 ዴሲቤል በሚያባክነው በአሮጌው በኩል ሲታይ ደግሞ 1.2 ይነበባል።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ ማሳው፣ ማለትም አንቴናው ከመኪናው ብረት አካል ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት ነው። የአንድ አራተኛ አንቴና ግማሽ አካሉ ዘንጉ ሲሆን ሌላው ግማሽ የመኪናው ጣሪያ ነው፤ በዘንጉ ላይ የሚወጣው ጅረት በጣሪያው ብረት ላይ ተመላሽ መንገድ ካላገኘ አንቴናው ጎዶሎ ነው። ውሃ በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ዝገት መኖሩ አይቀርም። መቀመጫውን እንደገና ይፍቱና በጣሪያው የታችኛው ገጽ፣ የመቀመጫው ጥርስ የሚነክስበትን ክብ ይመልከቱ። ቀለምና ዝገቱን ብሩህ ብረት እስኪታይ ድረስ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ። ካጠበቁ በኋላ በኬብሉ ኮኔክተር የውጭ ብረትና በመኪናው ባዶ ብረት መካከል በቴስተር ይለኩ፤ ከ1 ኦም በታች፣ ኬብሉን ሲወዘውዙትም የማይለዋወጥ መሆን አለበት። የተጠረገው ብረት ዳግመኛ እንዳይዝግ በመጨረሻ ከላይ ስስ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡ፤ የብረት ንክኪው ከጠበቀ በኋላ እንጂ ከመጥበቁ በፊት በብዛት መለቅለቅ አይገባም።

በኮፈን ወይም በኋላ በር ጠርዝ ላይ በሚጣበቅ መያዣ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ቢያነቡት ጥሩ ነው። እነዚያ መያዣዎች ከሥራቸው ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ቀለሙን ቀደው ብረቱን ካልነከሱ ማሳ የላቸውም። ነክሰውም ቢሆን ኮፈኑ ራሱ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በቅባት በተሞላ ማጠፊያ ብቻ ስለሆነ፣ በጉንጉን ሽቦ ከአካሉ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ጣሪያው ፋይበር ግላስ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ በየአቅጣጫው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚዘረጋ የብረት ሉህ ካልተደረገለት አንቴናው ግማሽ አካሉን አጥቷል።

ሞገድ_ተማሪ፦

ቴስተር ከተነሣ፦ የእኛ የመለማመጃ መኪና ላይ ያለው አንቴና በመሃሉ ሽቦና በጉንጉኑ መካከል ዜሮ ኦም ያሳያል። ተነካክቷል ማለት ነው?

ጥገና_ቤት፦

ሳይፈቱት አይፍረዱበት። ከሥራቸው ጥምጥም ያላቸው በርካታ አንቴናዎች ሆን ተብሎ ለቀጥተኛ ጅረት ከማሳ ጋር እንዲገናኙ ተደርገው ይሠራሉ። ዘንግና ጥምጥሙን ከመቀመጫው ፈትተው ኬብሉን ብቻ ይለኩ፤ ያን ጊዜም ዜሮ ካነበበ በእርግጥ ተነካክቷል። እንደ ጠያቂው ያለ ተራ ዘንግ ግን ተገጥሞም ቢሆን ፈጽሞ ክፍት ማሳየት አለበት።

የመኪና_ኤሌክትሪክ፦

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ፤ ምክንያቱም "ሬዲዮው አይሰማም" ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች መካከል ብዙዎቹ አንቴናቸው ጤነኛ ነው፤ ችግራቸው መኪናው ራሱ የሚፈጥረው ጩኸት ነው።

ለመለየት ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ ሩቅ ያለ ደካማ ድምፅ ይስሙ። ሞተሩን ያስነሱ፤ ድምፁ ከተዋጠ ምንጩ መኪናው ነው። ነዳጅ ሲሰጡ አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት ከሆነ ዲናሞውን፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥን ትክትክታ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን መኪና ላይ ካንዴላውንና የካንዴላ ገመዱን ይጠርጥሩ። የሬዲዮው መጋቢ ሽቦ ከዳሽ ቦርዱ ውስጥ ከሌላ መስመር የተሰረቀ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው የመጣና ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው መሆን አለበት። ቀጭን ሽቦ ሲሆን ሬዲዮው ድምፅ ሲቀበል ምንም አይታወቅም፤ የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን ግን ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሚወጣውም ኃይል ይቀንሳል። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ የሬዲዮው ጀርባ ላይ ቮልቴጁን ይለኩ።

በአምቡላንሶች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ደግሞ የኤል ኢ ዲ መብራት ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ጅረቱን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ስላለው፣ ጥራት የሌለው ከሆነ የሬዲዮውን ሞገድ በሹክሹክታ ይሞላዋል። ይህም ሬዲዮው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ መብራቱ በርቶ በሚነዳበት ጊዜ ብቻ ስለሚከሰት ጋራዥ ውስጥ አይገኝም። መብራቱን አብርታችሁና አጥፍታችሁ ሳትሰሙ ምርመራውን አትዝጉ። አንቴናው ከመብራቱ አሞሌ በተቻለ መጠን ይራቅ፤ ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ረጅም ብረትም አጠገቡ ሲሆን ማስተካከያውን ያዛባዋል።

የረጅም_ጉዞ_ሹፌር፦

ስለ ጥንቃቄ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳው። ረጅም አንቴና ያለው መኪና ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ሲቆም ሹፌሩ ቀና ብሎ ማየት ግዴታው ነው፤ የመስመሩን ሽቦ የነካ አንቴና መኪናውን በሙሉ ከመስመሩ ጋር ያገናኘዋል፣ ሰውም ይገድላል። ረጃጅሞቹ በማይጠቀሙባቸው ጊዜ ወደ ታች ጎብጠው ይታሰሩ፣ ጫፋቸው ላይም ዓይን የማይወጋ ድቡልቡል ክዳን ይኑር። ጣሪያ ላይ ሰው ወጥቶ ዕቃ እያሰረ ወይም አንቴናውን እየጠረገ ሳለ የመናገሪያው ቁልፍ መነካት የለበትም፤ የሚያስተላልፍ አንቴና የነካን እጅ ያቃጥላል። እኔ ጣሪያ ላይ ስወጣ መናገሪያውን ነቅዬ በኪሴ ይዤው ነው የምወጣው። ነዳጅ እየተቀዳም አልጠራም፤ ድማሚት በሚፈነዳበት የመንገድ ሥራ አካባቢ "ሬዲዮ ዝጉ" የሚል ሰሌዳ ካያችሁም ትእዛዙ የእውነት ነው፣ ድማሚቱን የሚያፈነዳው የኤሌክትሪክ ፊውዝ በሬዲዮ ሞገድ ሊነሣ ይችላል።

የስምሪት_ክፍል፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መቀመጫውን ፈትቼ ስመለከት ጥርሱ የሚነክሰው ክብ በግማሹ ቡናማ ዝገት ለብሶ ነበር። ጠርጌ ስገጥመው ቴስተሩ 0.2 ኦም አነበበ፣ ምጥጥኑም ከ1.7 ወደ 1.3 ወረደ። ትናንት ማታ ሹፌሩ ከዚያው ድምፁ ይቆራረጥበት ከነበረው ቦታ ጠራኝ፤ ከኋላው ያለው ነርስ የሚናገረው ሳይቀር ተሰማኝ። የማስጠንቀቂያ መብራቱንም አብርቶና አጥፍቶ እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት፤ በዚህች መኪና ላይ ለውጥ የለውም።

ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ቁጥሮች እንዲመዘገቡ አድርጌአለሁ፤ ዘንጉ ተገጥሞ የሚነበበውና ዘንጉ ተፈትቶ የሚነበበው። ሁለቱም ከቀኑ ጋር በትንሽ ወረቀት ተጽፈው ከሬዲዮው ጎን ተለጥፈዋል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ እንደገና እንለካለን። ቅርንጫፍ የመታው አንቴናም ባይሰበር እንኳ ሪፖርት እንዲደረግ ለሹፌሮቹ ተናግሬአለሁ።

ይህን ምዝገባ ለመጀመር አሥሩንም መኪኖች ዛሬ ስለካ ዘጠኙ ዘንጋቸው ተፈትቶ ከ7 በላይ አነበቡ። አንዷ ግን፣ ሹፌሯ አንድም ቀን ቅሬታ ያላቀረበባት፣ ዘንጓ ተገጥሞ 1.3 ያነበበችው፣ ዘንጓ ሲፈታ 3 ላይ ቆመች። በጥገና ቤት ስሌት ከሄድኩ ኬብሏ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም የኃይሏን ግማሽ እየበላ ነው ማለት ነው። ስሌቴ ትክክል ነው?

ጥገና_ቤት፦

ትክክል ነው። የጎማ ቀለበቷንም አብረው ይቀይሩ፤ ጣሪያውን ሲከፍቱ ደግሞ ልባሱ ላይ የውሃ እድፍ መኖሩን ይመልከቱ፣ ውሃው ከአንቴናው ሳይሆን ከመብራቱ አሞሌ ቀዳዳ ገብቶ በኬብሉ ላይ ተንሸራቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

የስምሪት_ክፍል፦

እድፍ አለ፤ ከመብራቱ በኩል ነው የሚጀምረው። ነገ ጠዋት ሁለቱንም ቀዳዳዎች ከፍቼ አያለሁ።